ኮታ የማይቀበል መንግሥት

ከባሌ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ሸራ ማጠብ ነበር። ዓርብ ጠዋት ነው። ጤፉ ሊደርስ ስለሆነ የምንወቃበትን ትልቁን ሸራ ከምድር ቤት አውጥተን ከሕንጻው ጀርባ መኪና ማቆሚያው ላይ ዘረጋነው። እኔ በሳሙና ፈተግሁት፣ እሱ በጎማው ውኃ ለቀቀበት። ከዚያ ግራና ቀኝ ጫፍ ጫፉን ይዘን ውኃው እንዲወርድ አራገፍነው። ማጠፉ ላይ እንደ ልማዳችን ተጣላን። እሱ በርዝመቱ ይታጠፍ ይላል፣ እኔ በጎኑ።

«ስንት ዓመት በጎኑ ስታጥፊ አንድ ቀን እንኳ ዳርና ዳሩ አልገጠመልሽም» አለኝ።

«ያንተ አስተጣጠፍ መደርደሪያው ላይ አይገባም።»

«የጠበበው መደርደሪያው ነው። እኔ ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

በጎኑ ታጠፈ። እሱ ወደ ተዳፋቱ ወርዶ አንድ ዛላ ቀጠፈ፤ በመዳፉ አሽቶ እፍ ካለበት በኋላ ፍሬውን በጥርሱ ሞከረው። «ትንሽ ይቀረዋል፤ ሳምንት ቢቆይ ጥሩ ነው» አለ። እሑድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ። ስለ አሟሟቱ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። መጻፍ የምፈልገው ስለ ጤፉ ነው።

የምንኖረው እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት መናሔም የሚባል ሰፈር ነው፤ ከከተማው ዳር፣ ሕንጻው አልቆ ጫካው የሚጀምርበት። ከእኛ ሕንጻ ጀርባ ድንጋያማ ተዳፋት አለ። የሰፈሩን አትክልት ቦታ የሚቆጣጠረው ቢሮ ለፈለገ ነዋሪ ቁራጭ መሬትና የውኃ ቧንቧ ሲሰጥ እሱም ተመዘገበ። ሌሎቹ ናና፣ ቲማቲም፣ ጽጌረዳ ተከሉ። እሱ ድንጋዩን ለቅሞ እርከን ሠራና ጤፍ ዘራበት። በኋላ አንድ ጎረቤት ሰልችቶት የተወውን ቁራጭ ጨመረ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሁለት ክፍል ቤት አይበልጥም።

ዘሩ የተገኘው ከተማው መሃል ካለው ኢትዮጵያ ጎዳና ነው። እዚያ ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚኖሩ አንዲት መነኩሲት አሉ፣ እንደ እሱ የደንቢያ ሰው ናቸው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፣ እሳቸው ክርስቲያን። እሱ የግቢውን በር አያልፍም፣ እሳቸውም ግባ አይሉትም። በሩ ላይ ቆመው ግን ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ሞቱ ሰዎች ሲያወሩ ይውላሉ። አንድ ጊዜ አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ ጭብጥ ጤፍ ቋጥረው አመጡለት።

«እማሆይ፣ ይኸ እኮ በሁለት መንግሥት የተከለከለ ነው» አላቸው።

እውነቱን ነው። የዚያ አገር መንግሥት ጤፍ በእህልነቱ እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ የዚህ አገር መንግሥት ደግሞ ያለ ፈቃድ ዘር አያስገባም።

«የእኔን ነጠላ ማን ሊፈታ ነው?» አሉት። «ባትፈልገው ለወፍ በትነው።»

ደስታው ከፍርሃቱ ይበልጥ ነበር፤ ግን ሸሸገው። ዘሩን በመድኃኒት ብልቃጥ አድርጎ ሶፋ ሥር አስቀመጠ። ባሌ በእህል ነገር ከመንግሥት ጋር ያየውን ያላየ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

በአባቱ ዘመን የእኛ ሰው መሬት የለውም። የሰው መሬት ያርሳል፣ ካልሆነም ብረት ይቀጠቅጣል። አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ለአገሩ ሁሉ ማረሻ ሲሠሩ ኖረው የራሳቸው ትልም ሳይኖራቸው አረጁ። ደርግ መጥቶ መሬቱን ሲያከፋፍል ግን ለእኛም ደረሰን። ያን ቀን ባሌ መሬቱን በእርምጃው ሲለካ፣ እንደገና ሲለካ፣ ከብት እስኪገባ ቤት አልመጣም። ይህን አልክድም። ፊደል ያስቆጠረኝም ያው መንግሥት ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው ሀ ሁ ያልኩት። ይህን የሚጽፈው እጅ ያኔ የተማረ ነው፣ እስካሁንም አልፈጠነም።

ከዚያ ኮታ መጣ። እያንዳንዱ ገበሬ ይህን ያህል እህል ለመንግሥት ያስረክባል ተባለ። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ ገበያ ላይ ከሚያወጣው በጣም ያነሰ። አዝመራ የከዳው ሰው በውድ ገዝቶ በርካሽ አስረከበ። ከኮታ የተረፈችውንም ቢሆን ከአውራጃ ወደ አውራጃ ማሻገር ክልክል ሆነ። መንገዱ ላይ ኬላ ተተከለ። ጠባቂው ጭነት እያስወረደ ይበረብራል፣ እህል ካገኘ ይወርሳል። ከገመዱ ወዲህ ጎተራ ሞልቶ፣ ከገመዱ ወዲያ ልጅ ሲራብ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኛ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበርን። ገበያ ስንሄድ ትልልቁን እንስራ ጤፍ ሞልተን፣ አፉን በጭድ ወትፈን፣ ከላይ ትንንሹን ድስት እንደረድርበታለን። ጠባቂዎቹ የእኛን ዕቃ አይነኩም። ቡዳ ይሉናል፤ ሸክላችንን የነካ እጅ የሚበላ ይመስላቸዋል። በሩቁ በዱላቸው እያመለከቱ «እለፉ፣ ቶሎ እለፉ» ይሉናል። ስንሰደብበት የኖርነው ስም ጤፋችንን አሻገረልን። ኬላውን አልፈን፣ ከጉብታው ኋላ ቁጭ ብለን እንስቅ ነበር። ደግ ሳቅ አልነበረም።

እንግዲህ ቂርያት መናሔም ላይ ጤፍ ያጨደው ይህ ሰው ነው። የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ተወቅቶ ከረጢት ሲገባ፣ አንዱን ጥሩ ከረጢት ለብቻው አስቀመጠ።

«ይኸ የማን ነው?» አልኩት።

«የመንግሥት።»

«የምን መንግሥት?»

«መሬቱ የቢሮው አይደለም? ሳይመጡብኝ ሄጄ አስረክባለሁ። ያስረከበን ሰው ማንም አይነካውም።»

ልጃችን ባንክ ቤት የምትሠራ ትልቅ ሴት ናት። «አባ፣ እዚህ አገር አርኖና ይከፈላል እንጂ ጤፍ የሚሰበስብ የለም» አለችው። አርኖና የቤት ግብር ነው።

«አርኖናውን ከፍያለሁ» አላት። «ይኸ ሌላ ነው።»

በማግስቱ የሰንበት ልብሱን ለብሶ ከረጢቱን የገበያ ጋሪ ላይ ጫነ። ምስክር ያስፈልጋል ብሎ እኔንም አስከተለኝ። አውቶቡስ ስንሳፈር ሾፌሩ፣ እንዲያው ለጨዋታ፣ ምን እንደጫነ ጠየቀው። «ልብስ ነው» አለ፣ ሳያስብ። ወርዶ እህል ሊያስረክብ የሚሄድ ሰው ስለ እህሉ ዋሸ። የቢሮው በር ላይ ጥበቃው ከረጢቱን ፈትቶ እጁን እስከ አንጓው ሲያስገባ ባሌ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሸዋ ነው?» አለ ጥበቃው።

«ምግብ ነው» አልኩ እኔ።

«ይኸ? ለማን? ለወፍ?»

አሳለፈን። የአትክልት ቦታዎቹ ኃላፊ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ነበረች። ባሌ ከረጢቱን ከጠረጴዛዋ አጠገብ አቆመና «የእናንተ ድርሻ ነው» አላት።

«በጣም አመሰግናለሁ፤ ግን ስጦታ መቀበል አይፈቀድልንም።»

«ስጦታ አይደለም። ከመሬታችሁ የወጣ ነው። ደረሰኝ ስጭኝ።»

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምን ልበላት? ስለ ኬላው ልንገራት? በዚያ በምናውቃት ዕብራይስጥ? «ቀባላ ይፈልጋል» አልኳት፣ ደረሰኝን በእነሱ ቃል።

«ምንም ሳልወስድ ምን ብዬ ልጻፍልህ?» አለችው፣ በትህትና። ከነከረጢታችን ወጣን።

መንገድ ላይ እስኪያነባ ሳቀ። «ይኸን ዕድሜ ኖሬ እህል አልፈልግም የሚል መንግሥት አየሁ» እያለ ጋሪውን ይገፋል። ኢትዮጵያ ጎዳና ስንደርስ ግን ሳቁን አቆመ። ቆም ብሎ «እህሉን ካልፈለጉ እንግዲህ መሬቱን ነው የሚፈልጉት» አለኝ።

እማሆይ በሩ ላይ ሆነው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙት። «በል ኮታውን ለእኔ አስረክብ» አሉት። «ደረሰኝ ግን የለኝም።»

አስረከባቸው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ ቢሮው ይሄዳል። ሴትዮዋ ስታየው «ደግሞ መጣህ?» ትለዋለች፣ ሻይ ታስቀርብለታለች፣ አይፈቀድልንም ትለዋለች። ከዚያ ጋሪውን እየገፋ ወደ እማሆይ። ለእሷ ቀልድ ሆኖላት ነበር። ለእሱም ግማሹ ቀልድ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን አልነበረም፤ ስሙና መሬቱ አንድ ላይ ሲነሡ ባለሥልጣን ጆሮ እንዲገባ ፈልጎ ነው። ቀድመህ ራስህን ካላሳየህ መጥተው የለም ይሉሃል ይል ነበር።

የሞተበት ዓመት ክረምት ሳይገባ፣ ሙቀቱ ገና ሳለ፣ ከእኛ በታች ያለው ጫካ ተቃጠለ። ጭሱ ቤታችን ገባ፤ እርጥብ ፎጣ በመስኮት ሥር ወትፈን ዋልን። ከዚያ በኋላ ከቢሮው ትእዛዝ መጣ። በሕንጻዎቹና በጫካው መካከል ያለ ደረቅ ነገር ሁሉ ከአዲስ ዓመቱ በዓላት በኋላ በማሽን ይታጨዳል፤ በአትክልት ቦታው ከእንግዲህ አትክልትና አበባ እንጂ እህል አይዘራም። ሴትዮዋ ራሷ መጥታ ነገረችን። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ትእዛዙም ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

«ቢጫ የሆነ ሁሉ መነሣት አለበት» አለችው።

«እኔስ በየዓመቱ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አላት። «ቢጫ ሲሆን አነሣዋለሁ።»

የማሽኑ ቀን የሐዘኑ ሳምንት ላይ ዋለ።

መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ። ቤቱ ሰው ሞልቷል። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ መስኮቱ ጋ ሄደች። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፣ ምላሷ ደግሞ ከሁላችንም ይስላል።

«ሣር አጫጁ መጥቷል» አለች። «ጤፉ እንደቆመ ነው።»

ማንም ምን እናድርግ አላለም። እኛ አገር ሐዘን የገባበት ቤት አዝመራ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ባለቤቶቹ ቤት ይቀመጣሉ፣ አገሩ ያጭድላቸዋል። ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ወጥ ቤቴ ገቡ። ማጭድ የት ይገኛል? መሳቢያዬን አገላበጡት።

«እነዚህ ሁሉ ዱልዱም ናቸው» አለች ጎረቤቴ፣ ቢላዋውን በአውራ ጣቷ እየሞከረች። «በምን ነበር ሥጋ የምትከትፊለት?»

«ተከትፎ ነው የምንገዛው» አልኳት። አንዷ ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች።

«እናንተ አጭዳችሁ ታውቃላችሁ?» አሏቸው አንድ ሽማግሌ ከጥግ።

«አርመን እናውቃለን። እርስዎ የሚያውቁ ከሆነ ይነሡ እንጂ፣ ወንበሩ አይሞትብዎ» አለቻቸው ጎረቤቴ።

ተነሡ። ሌሎቹም ሽማግሎች በትራቸውን ይዘው ተከተሉ። ልጄም ወረደች። እኔ ከሁለት ሴቶች ጋር ቀረሁ፤ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም። መስኮቱ ግን ክፍት ነበር፣ ቤታችንም ሁለተኛ ፎቅ ነው።

ሞተሩ ጠፋ። የቢሮው ሴትዮ ድምፅ መጣ። ማን እንደፈቀደላቸው፣ ቦታው የማን እንደሆነ ጠየቀች።

«የአባቴ ነው» አለች ልጄ።

«እሱ የት አለ ታዲያ? እኔኮ ነግሬው ነበር።»

«አባቴ ሞቷል። እሑድ።»

 ሴትዮዋ አላወቀችም ነበር። ስትናገር ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ ከረጢቱን ይዞ ይመጣል ብላ ትጠብቀው እንደነበር ነገረቻት። ከዚያ፣ ልታጽናናት ብላ ይመስለኛል፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ «ስለ ቦታው አትጨነቁ። በእሱ ስም ብቻ ነበር የተመዘገበው። አሁን የማንም አይደለም። እኛ እናጸዳዋለን።»

 ዕብራይስጡን ከእኔ አሥር እጅ የምታውቅ ልጄ ዞራ ወደ መስኮቴ ቀና አለች።

ተነሣሁ።

«ኧረ ተቀመጭ፣ ነውር ነው» አለችኝ አንዷ። «ሰባቱ አልወጣም።»

«ሐዘኑም እዚያው ነው ያለው» አልኳት።

በካልሲ ነበርኩ። ደረቱ የተቀደደውን የሐዘን ቀሚስ እንደለበስኩ ደረጃውን ወረድኩ። ሴቶቹ ሲያዩኝ እጃቸውን አቆሙ። ጎረቤቴ ብቻ ማጨዷን አላቆመችም።

«የእኔ ነው» አልኳት ሴትዮዋን።

እጄን ያዘችኝ፤ አዝናለሁ አለችኝ፣ አለቀሰችም። ከዚያ «ግን በስምሽ የለም» አለች።

«ስሙን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። እሱ ሲዘራ በእግሬ እየረገጥሁ አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። ብትጠይቂው ይነግርሽ ነበር።»

«እሳት ቢነሣስ? አይተሻል እኮ።»

«አይቻለሁ። አንች ከሌላ ሰፈር ነው የመጣሽው፣ እኔ እዚህ ነው የምተኛው። እሳት ቢነሣ ቀድሞ የሚነደው የእኔ መጋረጃ ነው። የታጨደ አይነድም። እያጨድን ነው።»

«ማሽኑ የተያዘው ለዛሬ ነው።»

«ይጠብቃ።»

የማሽኑ ሰውዬ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ፈትቷል። «የእኔ ቀን ተከፍሎበታል» አለ። «አጨድኩም አላጨድኩም እስከ ማታ እዚህ ነኝ።» እግሩን ዘረጋ።

ሴትዮዋ ስልክ ደወለች፣ ራቅ ብላ አወራች። እኔ መልሷን አልጠበቅሁም። ከጎረቤቴ አጠገብ ተቀምጬ አንድ ቢላዋ አነሣሁ። ጤፍ በወጥ ቤት ቢላዋ ሲታጨድ እንደ ፀጉር ይንሸራተታል፤ ጠበቅ አድርገው ካልያዙት አይቆረጥም፣ ከያዙት ደግሞ ፍሬው ይረግፋል። ሽማግሎቹ ትንፋሽ እያጠራቸው በየተራ ያርፋሉ። ልጄ በመጀመሪያ ከነሥሩ ትነቅል ነበር።

«ይኸ ሽንኩርት አይደለም፣ ልጄ» አለቻት ጎረቤቴ።

«ማን አሳየኝ?» አለች ልጄ። ያኔ ነው ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው። እያለቀሰች ማጨዱን ተማረች።

ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። እስከ ማታ፣ ከዚያ በኋላ ግን ማሽኑ ይገባል አለች። ፀሐይ ከጫካው ጀርባ ሳትገባ የመጨረሻውን እቅፍ ሸራው ላይ አደረግን። ማሽኑ ገብቶ የቀረውን አገዳ ላጨው። ሰባቱ ሳይወጣ ሥራ ሠርተሻል ብለው ያሙኝ አሉ። ይሙኝ። እኔ ለእሱ ካለቀስኩት ሁሉ እውነተኛው ለቅሶ የዚያን ቀኑ ነበር።

ሐዘኑ ካበቃ በኋላ ወቃነው፣ ጣራው ላይ ወጥተን ገለባውን ለነፋስ ሰጠን። አንዱን ጥሩ ከረጢት ለብቻው አስቀመጥሁ። ጋሪውን ብቻዬን ይዤ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ከረጢቱን ሳልሸፍን፣ አፉን ከፍቼ አጠገቤ አቆምኩት። ጤፍ ነው፣ ያየ ይይ።

ቢሮው ውስጥ ሴትዮዋ ተነሥታ ተቀበለችኝ። አዲስ ነገር አዘጋጅታልኝ ነበር። ከሕንጻው ፊት ለፊት፣ በስሜ የተመዘገበ፣ አፈር የተሞላ የእንጨት ሳጥን፤ ናና ልተክልበት፣ ሰላጣ ልተክልበት። ተዳፋቱ ግን ከእንግዲህ ባዶውን ይቀመጣል። አመስግኜ ሳጥኑን ተቀበልኩ። ከዚያ ከረጢቱን አንሥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁት።

«አይፈቀድልንም፣ ታውቂያለሽ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ለመንግሥት ያስረከብነው ነው። መንግሥት የሚያደርገውን ያድርገው።»

ተከትላኝ እስከ ደረጃው ወጣች። እሱ ሁልጊዜ ከረጢቱን መልሶ ይወስድላት ነበር። እኔ አልወሰድኩትም።

ለእማሆይም ሌላ ቀን ሄጄ የእሳቸውን ድርሻ አደረስኩ። መሞቱን ከሰው ሰምተው ነበር።  እሱ ይቆምበት የነበረው በር ላይ ቆሜ እንደ እሱ ስለ ዝናብ ልጠይቃቸው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ስሰናበት «ዘር አስቀርተሻል?» አሉኝ። አስቀርቻለሁ አልኳቸው።

ሳጥኑ ውስጥ ናና አለ፤ ጎረቤቴ እየቀጠፈች ትወስደዋለች። ተዳፋቱ ላይ ቢሮው እህል መዝራት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ተክሏል። ሰሌዳው የቆመው ሁለተኛው እርከን መካከል ስለሆነ ዙሪያውን ነው የዘራሁት። ቢጫ ሳይሆን መጥተው ይቆርጡት ይሆናል፣ አላውቅም። ቢቆርጡት ቤት ዘር አለኝ። ቢተዉት በጊዜው አጭደዋለሁ፤ ልጄ ደህና ማጭድ ገዝታልኛለች። እሱ የሠራውን እርከን ዝናብ ሲያፈርሰው ድንጋዩን መልሼ እደረድራለሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ተዳፋቱ ወርጄ ጤፉን ውኃ አጠጣለሁ።